ነባሩ ሰፈር ወይስ አዲሱ? ከመከራየትና ከመግዛት በፊት ሁለት ሰፈሮችን ማመዛዘን

ጥያቄ፦ «ባለቤቴም እኔም ተቀጥረን እንሠራለን፤ ሁለት ልጆች አሉን፣ እናቴም አብራን ትኖራለች። ሁለት ቤት አግኝተናል። አንደኛው ለሥራችን ቀረብ ባለ ነባር ሰፈር ነው፤ 70 ካሬ ሜትር፣ ኪራዩ የሁለታችንን ገቢ 30 በመቶ ይወስዳል። ሁለተኛው ከተማው ዳር አዲስ መንደር ውስጥ ነው፤ 90 ካሬ፣ አንድ መኝታ ክፍል ይጨምራል፣ ኪራዩም ባንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ ጸጥ ያለና ንጹሕ ነው። አሁን ተከራይተን፣ ከተስማማን ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ለመግዛት ነው ሐሳባችን። በምን በምን እናወዳድራቸው?»

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት ሁለቱ ሰፈሮች እኩል ሞልተው እንደሆነ እዩ። ነባሩ ሰፈር ገመናውን ደብቆ አይቆይም፤ መንገዱ የሚጨናነቀውን ያህል ተጨናንቋል፣ ውኃው የሚጠፋውን ያህል ይጠፋል፣ የሚረብሸው ጎረቤትም ገብቶ ተቀምጧል። አዲሱ መንደር ገና ግማሹ ባዶ ከሆነ ግን ዛሬ የምታዩት ጸጥታ፣ የመንገድ ፍጥነትና የውኃ ግፊት የግማሽ ሰው ነው። በአንድ ቀን ሁለቱንም ጎብኝቶ ማወዳደር ሁልጊዜ ለአዲሱ ያደላል። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ «ስንገባ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ ተከራዮች ምሬት በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ አዲሱ መንደር ምን ያህል ሰው እንደገባበት ቁጠሩ። ሥራ ባለበት ቀን፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም፣ አንድ ሕንፃ ፊት ለፊት ቁሙና ከቤቶቹ ውስጥ መብራት የበራባቸውን ለዩ። የአንድ ቤት መስኮት ብዙ ስለሆነ በመስኮት ሳይሆን በበረንዳ ብትቆጥሩ አትሳሳቱም። በዓልና የእረፍት ቀን አይሆንም፤ ሰው ወጣ ይላል። የመብራት ቆጣሪዎቹ ደረጃው ሥር ተደርድረው ከተገኙ ደግሞ ቆጠራው ይቀላል፤ በዲጂታል ቆጣሪ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም የምትለው ፍጆታ ሲኖር ነው። እንግዲህ ከ100 ቤት 90ው ሰው ካለበት የምታዩትን እመኑ። 40 ወይም 50 ብቻ ከሆነ ግን ቀጥሎ የምለውን መንገድም ውኃም ስትለኩ «ይህ ሲሞላ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ጨምሩበት።

ከመንገዱ እንጀምር፤ ብዙውን ጊዜ ውሳኔውን የሚያጋድለው እሱ ነው። የምትለኩት ከበር እስከ በር ነው፦ ከቤት ወጥቶ ፌርማታ እስኪደረስ፣ ወረፋው፣ ጉዞው፣ ከወረዱ በኋላ ያለው እግር መንገድ። ደላላው ቤቱን የሚያሳያችሁ መንገዱ ጭር በሚልበት በረፋዱ ነው፤ እናንተ ግን በምትወጡበት ሰዓት ሂዱ፣ በምትመለሱበት ሰዓት ተመለሱ። ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ለኩ፤ ሰኞና ዓርብ ይግቡበት፣ ከተቻለም አንድ የዝናብ ቀን። ከዚያ አማካዩን ሳይሆን ከአሥሩ ጉዞ ሁለተኛውን ክፉ ውሰዱ። ምክንያቱም ሥራ ላለመዘግየት ከቤት የምትወጡት ለክፉው ቀን አስባችሁ ነው፤ መንገዱ በቀና ቀን የሚተርፈው ሩብ ሰዓት መሥሪያ ቤት በር ላይ ያልቃል።

በዚህ ልክ ነባሩ 40 ደቂቃ፣ አዲሱ 75 ደቂቃ ሆነ እንበል። ልዩነቱ 35 ደቂቃ ነው፤ ደርሶ መልስ በወር 22 የሥራ ቀን ሲባዛ ለአንድ ሰው 25 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ለሁለታችሁ 51 ሰዓት ከ20 ይሆናል። አሁን ኪራዩን ወደ ሰዓት ለውጡት። ሁለታችሁ በቀን 8 ሰዓት ብትሠሩ በወር 352 የሥራ ሰዓት አላችሁ። ኪራዩ ከገቢያችሁ 30 በመቶ ወደ 24 ቢወርድ የተረፈው 6 በመቶ ነው፤ ይህ የ21 ሰዓት ደመወዛችሁ ማለት ነው። 51 ሰዓት መንገድ ላይ ሰጥታችሁ የ21 ሰዓት ደመወዝ ትወስዳላችሁ፤ አንዱን ሰዓታችሁን በደመወዛችሁ 41 በመቶ ሸጣችሁት። ተጨማሪው የትራንስፖርት ወጪ ከገቢያችሁ 2 በመቶ ከበላ ደግሞ ወደ 27 በመቶ ይወርዳል። በትራንስፖርት ጥናት ለሥራ መመላለሻ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዋጋ የደመወዝ ግማሽ ግድም ነው። በዚህ ስሌት አዲሱ ሰፈር ኪሳራ ነው።

ግን ሒሳቡ እዚህ ካቆመ ተሳስቷል፤ 70 ካሬን ከ90 ካሬ ጋር ነው ያወዳደርነው። ትክክለኛው ጥያቄ «በነባሩ ሰፈር ተመሳሳይ ባለ 90 ካሬ ቤት ስንት ይከራያል?» የሚል ነው። በካሬ ሒሳብ ቢሄድ የገቢያችሁን 38 በመቶ ግድም ይጠይቃል። ያኔ የዳሩ ቤት የሚያተርፋችሁ 6 ሳይሆን 14 በመቶ፣ ማለትም የ49 ሰዓት ደመወዝ ነው፤ ትራንስፖርቱ ተቀንሶም 42 ሰዓት። ለ51 ሰዓት መንገድ 42 ሰዓት ደመወዝ መጥፎ ዋጋ አይደለም። እንግዲህ ውሳኔው የሚንጠለጠለው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ያ ሦስተኛ መኝታ ክፍል በእርግጥ ያስፈልጋችኋል ወይ? ስድስት ሰው ባትሞሉም አምስት ናችሁ፣ እናታችሁም አብረው ስለሚኖሩ ያስፈልጋችኋል ብዬ እገምታለሁ። የማያስፈልገው ግን ቢገኝ ጥሩ ነው በሚል ብቻ ወር በወር 51 ሰዓት አይክፈልበት።

አሁን ወደ ባዶዎቹ ቤቶች እንመለስ። የትራፊክ ዕቅድ አውጪዎች የሚሠሩበት አንድ ቀመር አለ፤ የአሜሪካ የመንገድ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ነው። የመንገዱ ጭነት ለአቅሙ ይካፈልና የተገኘው ቁጥር አራት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ይባዛል፤ ውጤቱ በ0.15 ተባዝቶ በነጻ መንገድ ጊዜ ላይ የሚጨመረውን ድርሻ ይሰጣል። መንገዱ በግማሽ አቅሙ ሲሠራ መዘግየቱ 1 በመቶ አይሞላም፣ በሙሉ አቅሙ 15 በመቶ ነው፣ አቅሙን በግማሽ ሲያልፍ ግን 76 በመቶ ይደርሳል። ነጻ ሲሆን 20 ደቂቃ የሚፈጅ መውጫ መንገድ ዛሬ በአቅሙ 90 በመቶ ቢሠራ 22 ደቂቃ ይፈጃል። መንደሩ ሲሞላ የመኪናው ብዛት በግማሽ ቢጨምር 30 ደቂቃ ይሆናል። ሻካራ ስሌት ነው፤ አቅም ካለፈ በኋላ ትክክለኛው ሰልፍ ከዚህም ሊብስ ይችላል። ቢሆንም አቅጣጫውን ያሳያል። ከላይ የነበረው የ35 ደቂቃ ልዩነት 43 ይሆናል፣ የሁለታችሁ የወር ጉዞም 63 ሰዓት፤ 42ቱ ሰዓት ደመወዝ ለ63 ሰዓት መንገድ ሲካፈል ዋጋው ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከመንደሩ የሚወጡ መንገዶች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። አንድ ድልድይ ወይም አንድ መጋጠሚያ ብቻ ካለ፣ እዚያ ላይ አንድ መኪና በተበላሸ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ይቆማል። ሁለተኛ መውጫ «ይሠራል» የሚባል ሳይሆን ተሠርቶ የሚሄዱበት ከሆነ ብቻ ይቆጠር።

ውኃ ሳይቆራረጥ የሚመጣበት ከተማ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ካልሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የጎረቤቶችን ጣሪያና ግቢ እዩ፤ ትልልቅ ታንከር በየቤቱ ተደርድሮ ካያችሁ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ቀጥሎ ከታንከሩ ሳይሆን ከመስመሩ በቀጥታ የሚመጣውን ቧንቧ፣ ብዙ ጊዜ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን፣ ክፈቱና 10 ሊትር ባልዲ ምን ያህል እንደሚፈጅ በሰዓት ያዙ። በአንድ ደቂቃ ከሞላ ደኅና ነው፤ ሦስት ደቂቃ ካለፈ መስመሩ ደካማ ነው። ይህንንም ጠዋት ሁሉም ሰው ውኃ በሚጠቀምበት ሰዓት አድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ የሚለካው ግፊት ያታልላል። ውኃ 10 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ወደ 1 ባር ግፊት ያጣል። ምድር ላይ 1 ባር ካለ ሦስተኛ ፎቅ፣ 9 ሜትር ላይ፣ የሚቀረው አንድ አሥረኛው ነው፤ ፓምፕ ከሌለ ሻወር የለም። በኮረብታ አናት ላይ ያለ ሰፈርም በዚሁ ምክንያት መጀመሪያ የሚጠማ፣ መጨረሻ የሚደርሰው ነው። የታንከሩ መጠን እንዲህ ይሰላል፦ አምስት ሰው እያንዳንዱ በቀን 80 ሊትር፣ በድምሩ 400 ሊትር፤ ውኃው ሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ 1,200፤ መጠባበቂያ ሲጨመር 1,500 ሊትር። በጋራ ሕንፃ ውስጥ የጋራ ታንከር አለ ከተባላችሁ መጠኑን ለቤቶቹ ቁጥር አካፍሉ፤ ዛሬ ላሉት ሳይሆን ለሁሉም ቤቶች።

ስለ ጎርፍ አከራይ አይናገርም፣ ግድግዳ ግን ይናገራል። በመንገዱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ባሉ አጥሮች ላይ ቡናማ አግዳሚ መስመር ፈልጉ። የጎርፍ ምልክት ልክ በውኃ ልክ የተሰመረ ቀጥ ያለ ነው፤ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው አንድ ከፍታ ጠብቆ ይሄዳል። ከመሬት ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት ግን ወጣ ገባ የሚል ጠርዝ አለው፣ ነጭ የጨው ዱቄት ያወጣል፣ ከአንድ ሜትር በላይ እምብዛም አይወጣም። የመጀመሪያው የሰፈር ችግር ነው፣ ሁለተኛው የዚያ ቤት። አጥሩ በሙሉ አርጅቶ የታችኛው ግማሽ ብቻ በአዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። በሩ ሥር በቅርብ የተገነባ ከፍ ያለ ደፍ፣ ከወለል ወደ ላይ የተዛወረ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ዙሪያ የደረቀ ደለል፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ታሪክ ይናገራሉ። ለተከራይና ለገዢ የሚሰጠው ትርጉም ግን ይለያያል። በየዓመቱ 1 በመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል ያለው ቦታ ላይ ሁለት ዓመት የሚከራይ ሰው የሚጋፈጠው 2 በመቶ ነው፤ ገዝቶ 30 ዓመት የሚኖር 26 በመቶ። ተከራይቶ መኖር የሚቻልበት ሁሉ የሚገዛበት አይደለም።

ድምፅን በስልክ መለካት ይቻላል። የስልክ መተግበሪያ ጥቂት ዴሲቤል ሊስት ይችላል፤ ሁለቱንም ሰፈር በአንድ ስልክ ከለካችሁ ግን ልዩነቱ ይታመናል። መኝታ ክፍል ውስጥ መስኮት ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ፣ ዘግታችሁ አሥር ደቂቃ፤ ከምሽቱ 5 ሰዓትና ከንጋቱ 11 ሰዓት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የሌሊት የመንገድ ድምፅ ከቤት ውጭ በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል። ርቀት ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አያድንም፦ ብዙ መኪና ከሚመላለስበት መንገድ ከ20 ወደ 40 ሜትር ብትርቁ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ያህል ነው፣ ጆሮ በጭንቅ ይለየዋል። ከሕንፃ ጀርባ ሁለተኛ ረድፍ ላይ መሆን ይበልጣል። ጄኔሬተርና የብረታ ብረት ሥራ ቤት ከአንድ ነጥብ ስለሚጮሁ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይቀንሳሉ። ከባድ መኪና ማርሽ የሚቀይርበት ዳገት ሥር ያለ ቤት ከሜዳው ቤት የከፋ ነው፤ ጭሱም እንደዚያው፤ ከዋና መንገድ ዳር የሚወጣው ብክለት ተሟጦ ወደ አካባቢው ልክ የሚወርደው ከጥቂት መቶ ሜትር በኋላ ነው። በነባሩ ሰፈር የልጆቹ መኝታ ወደ ጓሮ የሚያይ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው ይቃለላል። በአዲሱ ደግሞ ጸጥታው የሚለካው ግንባታው ሲያልቅ ነው፤ ጎናችሁ ያለው ሕንፃ በጅምር ላይ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት መፍጫና ቀላቃይ ትሰማላችሁ።

«ሰፈሩ ሰላም ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚመለሰው ሁልጊዜ «በጣም ሰላም ነው» ነው። የሱቅ ባለቤትን፣ ጥበቃውንና አንዲት እናትን ለየብቻ እንዲህ ጠይቁ፦ መጨረሻ የተሰረቀው ምን ነበር? ከየት? በስንት ሰዓት? ማታ እስከ ስንት ሰዓት በእግርዎ ይሄዳሉ? ሦስቱ ከተስማሙ እመኑ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከፌርማታ እስከ ቤቱ በእግር ሂዱና የመንገድ መብራቶቹን ቁጠሩ፤ ከ20 ምሰሶ ስንቱ ይበራል? የፎቅ መስኮት ላይ አዲስ ፍርግርግ መግባቱ፣ ያረጀ አጥር ላይ አዲስ እሾሃማ ሽቦ መጨመሩ ከማንም ምስክርነት ይበልጣል። ገና ባልሞላ መንደር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ባዶ ቤቶችና ጅምር ሕንፃዎች መካከል የሚያልፈው መንገድ ዓይን የለበትም። ይህ አንዱ ነው ሰፈሩ ሲሞላ የሚሻሻለው።

ለልጆቹ የትምህርት ቤቱን ስም ሳይሆን ቦታ መኖሩንና መንገዱን አረጋግጡ። አዋቂ በደቂቃ 80 ሜትር ግድም ይራመዳል፣ ትንሽ ልጅ 60 ቢሞላ ነው፤ ስለዚህ 900 ሜትር የልጅ ሩብ ሰዓት ነው። የትራፊክ መብራት የሌላቸውን ማቋረጫዎች ቁጠሩ። ለእናታችሁ ደግሞ ሌሊት የሚከፈት ጤና ተቋም በስንት ደቂቃ እንደሚደረስ በሌሊት ሞክሩት፤ መኪና የሚገኝ መሆኑም የዚያ ልኬት አካል ነው። ሊፍት ያለው ሕንፃ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚያስነሳው ጠይቁ።

መግዛቱ ሲመጣ ሚዛኑ ይቀየራል። የሁለቱንም ሰፈር ተመጣጣኝ ቤት መሸጫ ዋጋ ለዓመታዊ ኪራዩ አካፍሉ። ነባሩ 18፣ አዲሱ 28 ከወጣ፣ አዲሱ የሚሸጠው ዛሬ በሚሰጠው ኑሮ ሳይሆን ነገ ይሆናል በተባለው ነው፤ ያኔ ተከራይ ሆኖ መቆየት ያዋጣል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ደግሞ የዝውውር ግብሩን፣ የደላላውንና የውል ወጪውን ደምራችሁ ልትኖሩ ላሰባችሁበት ዓመት አካፍሉ። ሦስት ዓመት ብቻ ኖሮ ለሚሸጥ ሰው ይህ ወጪ ብቻውን መግዛትን ያከስራል። ከማዘጋጃ ቤቱ የሚጠየቀው የዚያ ቤት የባለቤትነት ማስረጃ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ ለምን እንደተመደበ፣ እስከ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድበት፣ መንገዱ ሊሰፋ የታሰበ መሆን አለመሆኑ በማስተር ፕላኑ ላይ ይታያል። ፀሐይ በምትመጣበት በኩል ከመስኮታችሁ 10 ሜትር ርቆ ከመስኮቱ በላይ 10 ሜትር የሚወጣ ሕንፃ ከ45 ዲግሪ በታች ያለችውን ፀሐይ በሙሉ ይጋርዳል። «አረንጓዴ ቦታ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ካርታው ላይ ካልሰፈረ ባዶ ቦታ ነው፣ ባዶ ቦታ ደግሞ ይገነባል።

ነጥብ እየሰጡ መደመር የሚወድ ሰው ካለ አልቃወምም፣ ሁለት ወጥመድ ግን አለበት። አንደኛው አንድን ነገር ደጋግሞ መቁጠር ነው፤ ርቀትን በሰዓት፣ በትራንስፖርት ወጪና በድካም ሦስት ጊዜ ከቆጠራችሁት ዳሩ ሰፈር ሳይጀመር ተሸንፏል። ሁለተኛው በሁለቱም እኩል የሆነውን ነገር መመዘን ነው፤ ሁለቱም ጋ ኢንተርኔት ካለ ሰንጠረዡ ውስጥ አይግባ። ከዚያ በፊት ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ ለየብቻ ጨርሶ የማትችሉትን ሦስት ነገር ጻፉ። ከሁለቱ ወረቀት በአንዱ ላይ እንኳ የሰፈረን ነገር የጣሰ ሰፈር በሌላ ነጥብ አይካካስም።

የእኔ አስተያየት፦ ሦስተኛው ክፍል የግድ ከሆነ፣ አዲሱ መንደር ቢያንስ ሰባ በመቶ ከሞላና ሁለት መውጫ ካለው አዲሱን ተከራዩ። ግማሹ ባዶ ከሆነና መውጫው አንድ ከሆነ ነባሩን ያዙ፤ አዲሱ ሲሞላ ደግማችሁ ትለኩታላችሁ፣ የትም አይሄድም። በየትኛውም ብትገቡ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይግባ። አንደኛው ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ የአንድ ወር ወይም የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ቅጣት መውጣት፤ ሁለተኛው ታንከርና ፓምፕ ካስገባችሁ ስትወጡ ነቅላችሁ የምትወስዱት ወይም አከራዩ በቀረው ዋጋ የሚገዛው መሆኑ። ሁለተኛው በቃል ከቀረ ታንከሩ የቤቱ ነው ይባላል።